«ዘር» በየጥናት ዘርፉ አንድ ነገር አይደለም፦ ሰሞኑን በብዛት ለተጋራ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰዎች የተቀባበሉት፣ የሰው ልጆችን በዘር መክፈል ሳይንሳዊ መሠረት አለው የሚል አንድ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ አለ። ጸሐፊው ደክመውበታል፤ አንባቢን በስድብ ሳይሆን በክርክር ለማሳመን መሞከራቸውም ያስመሰግናቸዋል። ይሁን እንጂ ክርክራቸው ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ስሕተት ላይ የቆመ ነው። ስሕተቱም በአንድ የጥናት ዘርፍ ለአንድ ዓላማ የተበጀን የዘር ትርጉም አንሥቶ፣ በሌላ ዘርፍ ለተነሣ ጥያቄ መልስ አድርጎ ማቅረብ ነው። ጽሑፉ ብዙ ተማሪዎች እጅ የገባ በመሆኑ፣ ነገሩም ከሐኪም ቤት እስከ ፍርድ ቤት የሰውን ሕይወት የሚነካ በመሆኑ ዝም ብሎ ማለፍ አልሆነልኝም።

የጸሐፊውን ሐሳብ ላለማዛባት አምስቱን ነጥቦቻቸውን እርሳቸው ባስቀመጡት ቅደም ተከተል ልጥቀስ። አንደኛው፣ አንድ ሳይንሳዊ ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ሊኖረው ይገባል፤ ዘርም በባዮሎጂ የማያሻማ ትርጉም ነበረው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁራን ለፖለቲካ ሲሉ አደበዘዙት የሚል ነው። ሁለተኛው፣ የዲኤንኤ ምርመራ የሰውን ዘር ለይቶ ስለሚናገር ዘር በተፈጥሮ ያለ ነገር መሆኑ ተረጋግጧል ይላል። ሦስተኛው፣ ሐኪሞች በየቀኑ በዘር እየለዩ ስለሚያክሙ ዘርን መካድ በሽተኛን መጉዳት ነው የሚል ነው። አራተኛው፣ መንግሥታት በሕግና በሕዝብ ቆጠራ ያወቁትን ነገር «የለም» ማለት አይቻልም ይላል። አምስተኛው ወደ ቤታችን ይመጣል፤ እኛ «ሴማውያን» በመሆናችን ከጥቁር ዘር የተለየን ነን፣ ስለዚህ በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን በቅጾች ላይ «ጥቁር» የሚለውን ሣጥን ትተው «ሌላ» በሚለው ሥር «ሴማዊ» ብለው ይጻፉ የሚል ምክር ይሰጣል። በዚህ ምላሽ «ዘር» የምለው ጸሐፊው እንዳሉት ፈረንጆቹ «ሬስ» የሚሉትን ነው፤ ብሔርን ወይም የቤተሰብ ሐረግን አይደለም። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። ቃሉ በባዮሎጂ አንድና የማያሻማ ትርጉም ነበረው የሚለው አነጋገር ከባሌና ከአርሲ የስንዴ ማሳ አያልፍም። የግንድ ዋግ የተባለውን የስንዴ የፈንገስ በሽታ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የዋጉን ዓይነቶች የሚጠሩት በዚሁ «ሬስ» በሚለው ቃል ነው። በ1998 በዩጋንዳ የተገኘውና ዩጂ99 ተብሎ ዓለምን ያስደነገጠው የግንድ ዋግ ሬስ በ2003 ኢትዮጵያ ደረሰ። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ይህን ሬስ ይቋቋም ስለነበር ገበሬው በሰፊው ዘራው። በ2013 እና በ2014 ግን ቲኬቲቲኤፍ የተባለ ሌላ ሬስ ተነሥቶ ያንኑ ዲገሉን ከጥቅም ውጭ አደረገው፤ የገበሬውም ድካም ሜዳ ላይ ቀረ።

እነዚህ እንግዳ የሚመስሉ የፊደል ስሞች ከየት እንደሚመጡ ማየት ለክርክራችን ይጠቅማል። ከማሳ የተሰበሰበው የዋግ ብናኝ እያንዳንዳቸው የታወቀ የመከላከያ ጂን ባላቸው 20 ዓይነት የስንዴ ችግኞች ላይ ይረጫል። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ባለሙያው ቅጠሎቹን አንድ በአንድ እያየ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 የሕመም ደረጃ ይሰጣል። ሃያዎቹ ችግኞች አራት አራት እየሆኑ በአምስት ምድብ ይከፈላሉ፤ በእያንዳንዱ ምድብ የትኞቹ እንደታመሙና የትኞቹ እንደተቋቋሙ ታይቶ አንድ ፊደል ይሰጣል፤ አምስቱ ፊደላት ሲገጣጠሙ የሬሱ ስም ይሆናሉ። ዩጂ99 በዚህ አሠራር ቲቲኬኤስኬ ይባላል። ስለዚህ በዕፅዋት በሽታ ጥናት ዘር ማለት «ይህ ዋግ የትኛውን ስንዴ ያጠቃል» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የዘር ሐረግ መለያ አይደለም፤ በዝምድና የሚራራቁ ሁለት ዋጎች ያንኑ ስንዴ ካጠቁ በአንድ ሬስ ስም ይጠራሉ። ይህ ትርጉም ለአዝርዕት አዳቃዩ እጅግ ጠቃሚና የጠራ ነው፤ ስለ ሰው ልጅ ግን አንዲት ነገር አይነግረንም።

ከዚያው ከባዮሎጂ ሳንወጣ ሌላም ትርጉም እናገኛለን። በሰሜን አሜሪካ በዱር ፍሬ ላይ ብቻ ትፈለፈል የነበረች አንዲት ዝንብ ሰፋሪዎች አፕል ካስገቡ በኋላ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ከፊሏ ወደ አፕል ዞረች። ሳይንቲስቶች ሁለቱን ወገኖች ሁለት ሬሶች ይሏቸዋል፤ መለያቸውም የሚፈለፈሉበት ፍሬ ነው። የአጥቢ እንስሳት ተመራማሪ ደግሞ ቃሉን ሲጠቀም ብዙ ጊዜ ንዑስ ዝርያ ማለቱ ነው፤ ለምሳሌ ቺምፓንዚዎች በአራት ንዑስ ዝርያዎች ይከፈላሉ። ጸሐፊው «የማያሻማ» ያሉት ምናልባት ይህንን ይሆናል። ታዲያ በዚሁ መለኪያ የሰው ልጅ ምን ይመስላል? ከስምንት ቢሊዮን በላይ የሆነው የሰው ልጅ ቁጥራቸው እጅግ አነስተኛ ከሆነው ከቺምፓንዚዎች ያነሰ የዘረመል ልዩነት ነው ያለው። ያለውም ልዩነት ከቦታ ቦታ ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ እንጂ በድንበር የተቆረጠ አይደለም። የእንስሳት ተመራማሪውን መለኪያ ወደ ሰው ልናመጣ ከፈለግን ውጤቱንም አብረን መቀበል አለብን።

አደበዘዙት ስለተባሉት ምሁራን አንድ ነገር መቀበል ይገባኛል። በ1950 ዩኔስኮ ስለ ዘር ያወጣው መግለጫ በአብዛኛው በማኅበራዊ ሳይንስ ሰዎች የተዘጋጀ ነበር፤ የዘረመልና የአካላዊ አንትሮፖሎጂ ምሁራንም ከልክ በላይ ሄዷል ብለው ስለተቃወሙት በ1951 ሌላ መግለጫ ወጣ። ጸሐፊው እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ሆኖም ያ ሁለተኛው መግለጫ አንዱ ዘር በተፈጥሮው ከሌላው ይበልጣል የሚለውን ሐሳብ አልደገፈም። ደግሞም ቃሉን የተጠራጠሩት ከጦርነቱ በኋላ የመጡ ሶሲዮሎጂስቶች ብቻ አልነበሩም። የሥነ ሕይወት ሊቁ ጁሊያን ሃክስሊ ከአንትሮፖሎጂስቱ ከአልፍሬድ ሃደን ጋር ሆኖ ቃሉ ስለ ሰው ሲነገር ይቅር ያለው በ1935 ነው፤ ከጦርነቱ በፊት ማለት ነው። በ1962 ዘሮች የሉም፣ ያለው ቀስ በቀስ የሚለዋወጥ ልዩነት ነው ብሎ የጻፈው ፍራንክ ሊቪንግስተን ደግሞ ሲክል ሴል የተባለውን በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታና የወባን ግንኙነት ያጠና የሥነ ሕይወት አንትሮፖሎጂ ሰው ነበር። ጥርጣሬው የመጣው ደም ከሚመረምሩ ሰዎች ነው።

ወደ ዲኤንኤው ልለፍ። እዚህም ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል፤ ከሚሟገቷቸው ሰዎችም አንዳንዶቹ ነገሩን አቅልለውታል። በ1972 ሪቻርድ ሌዎንቲን 17 ጂኖችን መርምሮ ከሰው ልጅ ልዩነት 85 በመቶ ያህሉ በአንድ ሕዝብ ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል እንደሚገኝ፣ ዘር በተባሉት ትልልቅ ክፍሎች መካከል ያለው ግን 6 በመቶ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳየ። ብዙዎች ከዚህ ተነሥተው «ስለዚህ ሰው ከየት እንደመጣ ከዘረመሉ ማወቅ አይቻልም» ይላሉ። ይህ ስሕተት ነው። በ2003 የስታቲስቲክስ ሊቁ ኤድዋርድስ እንዳስረዳው፣ እያንዳንዱ ጂን ለብቻው ጥቂት ቢናገርም ብዙ ጂኖች አንድ ላይ ሲታዩ የሰውን አያቶች መነሻ በደንብ ይጠቁማሉ። የዲኤንኤ ምርመራ የዘር ሐረግን አካባቢ ሊገምት ይችላል ብሎ መቀበል ለእኔ አስቸጋሪ አይደለም።

ጸሐፊው የዘለሉት ቀጣዩን ደረጃ ነው። የአያቶችን መነሻ መገመት አንድ ነገር ነው፤ የሰው ልጅ ቁጥራቸው በታወቀ ዘሮች ተከፍሏል ማለት ሌላ ነገር ነው። በ2002 የ52 ሕዝቦችን ናሙና ይዞ የታተመውን ዝነኛ ጥናት ጸሐፊው እንደ ማስረጃ ጠቅሰውታል። በዚያ ጥናት ኮምፒዩተሩ ሰዎቹን በአምስት ምድብ እንዲከፍል ሲታዘዝ በእርግጥም ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓና ከምዕራብ እስያ፣ ከምሥራቅ እስያ፣ ከኦሺያኒያና ከአሜሪካ ጋር የሚቀራረቡ ምድቦችን አውጥቷል። በስድስት እንዲከፍል ሲታዘዝ ግን ስድስተኛው ምድብ ሆኖ የወጣው በፓኪስታን ተራሮች የሚኖረው የካላሽ ሕዝብ ነው፤ ቁጥሩ ጥቂት ሺሕ ብቻ የሆነ ሕዝብ። የምድቦቹን ብዛት የሚወስነው ተመራማሪው ነው። አምስቱን ዘር ብሎ የሚቀበል ሰው ካላሽን ስድስተኛው ዘር የማይልበትን ምክንያት ማስረዳት ይጠበቅበታል፤ ጸሐፊው ይህን አላደረጉም።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን በ2001 የታተመው ሌላው ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ ኢትዮጵያውያንን ጨምሮ ከስምንት ሕዝቦች የተወሰዱ ናሙናዎችን የዘር ስም ሳይሰጡ በዘረመላቸው ብቻ መደቧቸው። ከኢትዮጵያውያኑ 62 በመቶ የሚሆኑት ከኖርዌያውያን፣ ከአርመኖችና ከአሽከናዚ አይሁድ ጋር በአንድ ምድብ ገቡ፤ ከባንቱ ሕዝቦችና ከአብዛኞቹ የካሪቢያን ጥቁሮች ጋር የተመደቡት 24 በመቶው ብቻ ነበሩ። ጸሐፊው ይህን ቢያዩ ለአምስተኛው ነጥባቸው ድጋፍ አገኘሁ ሊሉ ይችላሉ። ነገር ግን ጥናቱ የሚያፈርሰው የራሳቸውን መሠረት ነው፤ የአንድ አገር ሰዎች፣ በዓይን ሲታዩ አንድ ዓይነት የሚባሉ፣ በየምድቡ ተበታትነው ተገኝተዋል። ጥናቱ የተደረገውም ሰውነት መድኃኒትን የሚያስተናግድበትን መንገድ ለማወቅ ነበርና፣ የቆዳ ቀለምን ተከትሎ መድኃኒት መምረጥ እንደማያዋጣ ነው ያሳየው።

ይህ ወደ ሕክምና ይወስደናል፤ ከአምስቱ ነጥቦች በጣም የሚያሳስበኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም እዚህ ላይ የትርጉም መቀላቀል ሰው ይጎዳል።

የኩላሊት ምርመራን እንውሰድ። ኩላሊት ደምን ምን ያህል እያጣራ እንደሆነ በቀጥታ መለካት አድካሚ ስለሆነ ሐኪሞች በደም ውስጥ ካለው ክሪያቲኒን (ከጡንቻ የሚመነጭና ኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ) ተነሥተው በቀመር ይገምቱታል። በ1999 የወጣውና ለረጅም ጊዜ በዓለም ዙሪያ ያገለገለው ቀመር ዕድሜን፣ ፆታንና ክሪያቲኒንን ካሰላ በኋላ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነበረው፦ በሽተኛው ጥቁር ነው? አዎ ከተባለ ውጤቱ በ1.2 ገደማ ይባዛል። ምክንያት ተደርጎ የቀረበው ጥቁሮች በአማካይ ብዙ ጡንቻ ስላላቸው ክሪያቲኒናቸው ከፍ ይላል የሚል ግምት ነበር። በቁጥር ላሳይ። ዕድሜያቸው 50 የሆነና ክሪያቲኒናቸው 3.5 የተገኘ ሁለት ወንዶችን እናስብ፤ አንዱ በቅጹ ላይ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ተብለው ተመዝግበዋል። የመጀመሪያው ውጤት 19 ይሆናል፤ የሁለተኛው ደግሞ 23። በአሜሪካ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ የሚጠበቀው ተራ መቆጠር የሚጀምረው ውጤቱ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። እንግዲህ አንድ ዓይነት ደም፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ ኖሯቸው አንደኛው ተራ ያዘ፤ ሌላኛው «ገና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በዚህ ስሌት ውስጥ ዘር ምን ነበር? በዘረመል የተለካ ነገር አልነበረም። በሽተኛው ስለራሱ የተናገረው ወይም መዝጋቢው አይቶ የሞላው ቃል ነው። በአሜሪካ ጥናት ተሳታፊ በነበሩ ጥቁሮች አማካይ የተገኘው ቁጥር ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰውም፣ ከሌጎስ ለመጣ ሰውም፣ ለጃማይካዊውም በእኩል ተጫነ። በደቡብ አፍሪካ፣ በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክና በኮትዲቯር የኩላሊት ሥራ በቀጥታ ተለክቶ ሲመሳከር ያ ማባዣ ግምቱን አላሻሻለውም። በ2021 የአሜሪካ የኩላሊት ሐኪሞች ማኅበራት ዘርን የማይጠይቅ አዲስ ቀመር እንዲሠራበት ወሰኑ፤ በ2022 የንቅለ ተከላው ሥርዓት የዘር ማባዣ ያለበትን ስሌት ከለከለ፤ ከ2023 ጀምሮም በቀድሞው ስሌት ተራቸው የዘገየባቸው ጥቁር በሽተኞች የጠፋባቸው ጊዜ እንዲመለስላቸው ተደረገ። «ዘርን መካድ በሽተኛን መጉዳት ነው» ለሚሉት ጸሐፊ ከዚህ የበለጠ መልስ የሚሆን አላገኘሁም፤ በሽተኛውን የጎዳው ዘርን ከሚገባው በላይ ማመን ነበር።

ጸሐፊው የጠቀሱት የልብ ድካም መድኃኒትም እንዲሁ ነው። በ2005 በአሜሪካ «ጥቁር ነን» ላሉ በሽተኞች ብቻ ተብሎ የተፈቀደው ባይዲል እውነትም ሞትን በእጅጉ ቀንሷል። ነገር ግን ፈቃዱን ያስገኘው ጥናት 1,050 ያህል በሽተኞችን ይዞ የተካሄደው በጥቁሮች ላይ ብቻ ነበር። ነጮች ያልተካተቱበት ጥናት መድኃኒቱ በጥቁሮች ላይ የተለየ ውጤት አለው ሊል አይችልም። ሲክል ሴልንም «የጥቁር በሽታ» ብለውታል። በሽታው የሚከተለው የወባን ታሪክ ነው፤ በግሪክ፣ በዓረቢያ ምድርና በሕንድ አንዳንድ አካባቢዎች በብዛት ሲገኝ፣ ወባ በማይደርስበት በኢትዮጵያ ደጋ ግን እምብዛም የለም።

በሕክምና ውስጥ የሕዝቦች ልዩነት ምንም አይጠቅምም ብዬ ግን አልከራከርም። በ1996 በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ጥናት ከተመረመሩት 29 በመቶ የሚሆኑት አንድን መድኃኒት አስተናጋጅ ጂን ከተለመደው በላይ ተደጋግሞ እንደተሸከሙ አሳይቷል። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሲወስድ ሰውነቱ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ይህም ለሕፃናትና ለሚያጠቡ እናቶች አደገኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ለኢትዮጵያዊ ሐኪም ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው። ግን ልብ እንበል፤ በአሜሪካ ጥቁሮች ዘንድ ያው ነገር የሚገኘው በ3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። «ጥቁር» የሚለውን ምድብ ይዞ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ይህን ልዩነት አያየውም። የሚጠቅመው የሕዝቡን ታሪክ ማወቅ፣ ከተቻለም የበሽተኛውን ጂን ራሱን መመርመር ነው።

በዚህ ላይ ሶሲዮሎጂ የሚለው ነገር አለ፤ ጸሐፊውም ንቀው ያለፉት እርሱን ነው። ሶሲዮሎጂስቶች ዘር ማኅበረሰብ የፈጠረው ነው ሲሉ ቅዠት ነው ማለታቸው አይደለም፤ አንዳንዶቹ በአጭሩ ሲናገሩ እንደዚያ ማስመሰላቸው ግን እውነት ነው፤ ለጸሐፊው ቅሬታም ምክንያት ሆኗል። ማለት የፈለጉት ሰዎች በመልካቸው ተመድበው የተለየ አያያዝ ሲደርስባቸው ምደባው በኑሮና በአካል ላይ ውጤት ያመጣል ነው። በ1997 የታተመ የኢሊኖይ ግዛት ጥናት የሕፃናትን አማካይ የልደት ክብደት አነጻጽሮ ነበር። አሜሪካ የተወለዱ ነጭ እናቶች ልጆች 3,446 ግራም፣ አፍሪካ ተወልደው ወደ አሜሪካ የሄዱ ጥቁር እናቶች ልጆች 3,333 ግራም፣ አሜሪካ ተወልደው ያደጉ ጥቁር እናቶች ልጆች ደግሞ 3,089 ግራም ሆኑ። የክብደቱ ልዩነት በቆዳ የሚወረስ ቢሆን ኖሮ ከአፍሪካ የመጡት እናቶች ከሁሉ ዝቅ ማለት ነበረባቸው፤ የአሜሪካ ጥቁሮች ከአውሮፓውያንም የተወለዱ ናቸውና። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ይህን ልዩነት ለማጥናት «ዘር» የሚለው የሶሲዮሎጂው ትርጉም ያስፈልጋል፤ የእንስሳት ተመራማሪው ትርጉም እዚህ አይሠራም።

ስለ ሕግና ስለ ሕዝብ ቆጠራ ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፤ ምክንያቱም የፍርድ ቤት መዛግብት ራሳቸው ይናገራሉ። ታካኦ ኦዛዋ የተባለ ጃፓናዊ ቆዳዬ ነጭ ነውና የአሜሪካ ዜግነት ይሰጠኝ ብሎ ጠየቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1922 «ነጭ» ማለት የቆዳ ቀለም ሳይሆን የካውካሲያን ዘር (የዘመኑ ምሁራን አውሮፓውያንንና አንዳንድ የእስያ ሕዝቦችን በአንድነት የጠሩበት ስም) ነው ብሎ ከለከለው። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ በ1923 ባጋት ሲንግ ቲንድ የተባለ ሕንዳዊ የዘመኑን ምሁራን ጠቅሶ እኔ ካውካሲያን ነኝ አለ፤ ያው ፍርድ ቤት፣ ፍርዱን የጻፉትም ያው ዳኛ፣ ቃሉ መተርጎም ያለበት ተራው ሰው በሚረዳው መንገድ ነው ብለው እርሱንም ከለከሉ። በ1987 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት ከኢራቅ የመጣ አንድ መምህር ባቀረበው ክስ ላይ፣ በ1866 የነበሩ ሕግ አውጪዎች ዓረቦችን እንደ አንድ ዘር ይቆጥሩ ስለነበር መምህሩ በዘር መድልዎ መክሰስ ይችላል አለ። በዚያው ዓመት የዚያው አገር የቆጠራ ደንብ ዓረቦችን ነጭ ይላቸው ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው በአንድ አገር፣ በአንድ ዓመት፣ ለቆጠራው ነጭ፣ ለሕጉ የተለየ ዘር ነው። ሁለቱም ትርጉሞች ለየዓላማቸው ሠርተዋል፤ መንግሥት ስላወቀው በተፈጥሮ አለ የሚለውን ድምዳሜ ግን አይሸከሙም።

የሩዋንዳው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ1998 በቱትሲዎች ላይ በተፈጸመው የዘር ማጥፋት በተከሰሰው በአካዬሱ ጉዳይ ላይ ሲፈርድ፣ የዘር ቡድን ማለት ከአንድ መልክዓ ምድር ጋር በሚያያዙ የተወረሱ አካላዊ ገጽታዎች የሚለይ ነው የሚል ትርጉም ሰጥቶ ነበር። ሁቱና ቱትሲ ግን ቋንቋቸውም ሃይማኖታቸውም አንድ ስለሆነ ፍርድ ቤቱ የቱትሲን ቡድንነት ያጸናው ማኅበረሰቡና የመታወቂያ ወረቀቱ እንደ ቡድን ስለያዟቸው ነው። ያ የመታወቂያ ወረቀት በቤልጅየም ቅኝ አገዛዝ በ1930ዎቹ የመጣ ነው። ቱትሲዎችን ከሰሜን የመጡ «ካማውያን» አድርጎ የሚያቀርበው አስተሳሰብ ደግሞ በዚያ ዘመን በምሁራን ዘንድ የተለመደ ነበር፤ እንግሊዛዊው ሴሊግማን በ1930 ስለ አፍሪካ ዘሮች በጻፈው መጽሐፍ የካማውያንን ሥልጣኔ ከአውሮፓውያን ጋር አዛምዶታል።

ይህ ወደ «ሴማዊነት» ያደርሰናል። ሴማዊ የሚለውን ስም በ1781 ከኦሪት ዘፍጥረት ወስዶ ለቋንቋዎች የሰጠው ጀርመናዊው ሽሎትሰር ነው፤ በሥነ ልሳን ዛሬም አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ግዕዝን፣ ዓረብኛንና ዕብራይስጥን በአንድ ቤተሰብ ለመጥራት ያገለግላል። በዚያ ቦታው ጠንካራ ቃል ነው። ቋንቋ ግን በደም አይወረስም፤ በሁለት ትውልድ ሊለወጥ ይችላል። በ2012 በኢትዮጵያውያን ላይ የታተመ ሰፊ የዘረመል ጥናት ሴማዊ ቋንቋ የሚናገሩ አማራና ትግሬዎች ኩሻዊ ቋንቋ ከሚናገሩ ኦሮሞዎች ጋር በዘረመል እጅግ የተቀራረቡ መሆናቸውን፣ ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት የሆነው ከአፍሪካ ውጭ ከመጡ ሕዝቦች ጋር መደባለቅም በሁለቱም ወገን እንደሚታይ አሳይቷል። ድብልቁን እንደ ማስረጃ የሚጠቅሱት ጸሐፊ በዚሁ ማስረጃ ኦሮሞውንም፣ ሶማሌውንም፣ አፋሩንም ከእርሳቸው «ሴማዊ ዘር» ውስጥ ሊያስገቧቸው ይገባል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቃሉ ሴማዊ መሆኑ ይቀራል።

ታሪካችንም ይህን መለያ አላከበረውም። ፋሺስት ኢጣሊያ በሚያዝያ 1937 ባወጣችው አዋጅ ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዢዎቿ ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ኢጣሊያዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር ደንግጋለች። በአዋጁ ለሴማዊ ተናጋሪ የተተወ ቀዳዳ አልነበረም።

የቅጹን ምክር በተመለከተ፣ ጸሐፊው ቅጹ የሚጠይቀውን ጥያቄ የተረዱት አይመስለኝም። የአሜሪካ መንግሥት በ1977 ያወጣው የዘር ምደባ ሳይንሳዊ ምደባ እንዳልሆነ መመሪያው ራሱ ተናግሯል፤ የመጣው የሲቪል መብት ሕጎች በሥራ፣ በትምህርትና በመኖሪያ ቤት መከበራቸውን ለመከታተል ነው። በ2024 ተሻሽሎ ሲወጣም ከ«ጥቁር» ሥር ምሳሌ አድርጎ ከዘረዘራቸው መካከል ኢትዮጵያዊ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ሣጥኑን የመረጠ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን እዚያው መግለጽ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አያስቀርም።

አንድ ቤት ለመግዛት ባንክ የሄደን ወገን እንመልከት። የብድር ማመልከቻው ላይ የዘር ጥያቄ አለ፤ መልሱም ተሰብስቦ የትኛው ባንክ የትኞቹን አመልካቾች በብዛት እንደሚከለክል ለማነጻጸር ይውላል። ጸሐፊው እንደመከሩት «ሴማዊ» ብሎ የጻፈ ሰው ብድር ቢከለከል ጉዳዩ ከጥቁር አመልካቾች ቁጥር ውስጥ ይጠፋል፤ የሚያመሳስለውም ስለሌለ መድልዎ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ለማየት አይቻልም። ባንክ ቤት በአካል ቀርቦ ጥያቄውን ባዶ ቢተወው ደግሞ ደንቡ የብድር ሠራተኛው የአመልካቹን መልክ አይቶ ወይም የቤተሰብ ስሙን ተመልክቶ ራሱ እንዲሞላ ያዝዛል። ሠራተኛው በፊቱ የተቀመጠውን ሰው ያያል፤ የሚናገረው ቋንቋ ከየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ አይጠይቀውም፤ የሚሞላውም «ጥቁር» የሚለውን ነው።